ገና ያልወጣው ጭነት

ጭነት ከፋብሪካው ግቢ ሲወጣ የጭነት ተቆጣጣሪዋ ኮምፒውተር ለመኪና መገጣጠሚያው ያሳውቃል፤ እዚያ ሲራገፍ የእነሱ ኮምፒውተር «ተረክበናል» ብሎ በራሱ ይመልሳል። የሰው እጅ የለበትም። ዛሬ ግን የፍሬን ሸራው ገና እየተጫነ «ተረክበናል» መጣ።

«ይቺ ማሽን ዛሬስ ለየላት!» ብላ እየሳቀች መገጣጠሚያው ላለው ተረካቢ ደወለች።

«ምነው እህቴ? ምንም ሳይጎድል አራግፈናል» አላት። «ሹፌሩን ነው ያጣነው። መኪናው ሞተሩ ሳይጠፋ በር ላይ ቆሟል፤ ጋቢናው ግን ባዶ ነው።»

ክው አለች። ሹፌሩ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ሲወጣ ሁሌ ለእሷ ሁለቴ ክላክስ ያደርጋል። በመስኮት ስታየው ጭነቱ አልቆ ጋቢና ገብቶ በሩን ዘጋ።

«አትሂድ!» እያለች መስታወቱን ደበደበች። ሰላምታ መስሎት እየሳቀ እጁን አውለበለበላት።

በስልኩ ውስጥ ክላክሱ ሁለቴ ጮኸ። ወንድሟ ገና እጁን ወደ መሪው እየሰደደ ነበር።