የሐሙስ ከሰዓት ሥዕል

ሸህ ሻዕባን ሳይታሰብ ወደ ዳሱ ሲገቡ መምህሩ ማህጁብ ሰሌዳዎቹን መሰብሰቢያ ጊዜ አላገኘም። ከኋላቸው ነጋዴው አልአሚን ገባ። ቁርኣን የሚማሩት ደረሶች ሁሉ ከመሬት ብድግ አሉ።

«ቁጭ በሉ» አሉ ሸሁ። ማንም አልተቀመጠም።

የሐሙስ ቂርኣት ካበቃ ቆይቷል። ማህጁብ ግን ዝናቡ ካባራ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ደረሶቹን እያስቀረ ጥላሸትና ሙጫ የተበጠበጠበት ቀለም፣ ቀይ አፈር፣ አመድና የቅል ስባሪ ያቀርብላቸዋል። «ፊደል እንዳትጽፉ። ዓይናችሁ ያየውን እንደመጣላችሁ ሥሩ፤ ተሳስታችኋል የሚላችሁ የለም» ይላቸዋል። እንዲህ አድርጎ ያስተማረው ሰው የለም። ሱዳን፣ ኦምዱርማን ተምሮ ወደ አሶሳ ሲመለስ በራሱ ያፈለቀው ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሁሉም ፈርተው ፊደል ጻፉ። ዛሬ ግን ኦመር መሬት ላይ የበተነውን አመድ በትንፋሹ እየገፋ ወንዝ ያስኬድበት ነበር። ሌላው ቅጠል ቀይ አፈር ውስጥ እየነከረ ቅሉ ላይ ያትማል።

ሸሁ ዞር ዞር ብለው አዩ። «ቁርኣን በሚጻፍበት ሉህ ላይ ሥዕል?»

«ታጥቦ ነው ያ ሸህ። ስንጨርስም ይታጠባል።»

«ነግሬዎት ነበር» አለ አልአሚን። የዳሱን ሣር ያስከደነው እሱ ነው፤ የደረሶቹ ማሽላም ከእሱ ጎተራ ይመጣል። በደረሶቹ መሐል እያለፈ አንዷ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ዐዋጢፍ ሰሌዳዋን ደረቷ ላይ ለጥፋው ነበር።

«አሳዪኝ።»

«ቀለሙ አልደረቀም» አለ ማህጁብ ወደ መሐላቸው እየገባ። አልአሚን በማህጁብ ትከሻ ላይ እጁን ሰዶ ሰሌዳውን ነጠቃት።

ማህጁብ ሥዕሉን ያኔ ነው ያየው። በአንድ ገመድ የታሰሩ ሰዎች ተሰልፈዋል። ከፊታቸው በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው አለ፤ የጥምጥሙ ጫፍ እንደ አልአሚን ጥምጥም ግራ ትከሻው ላይ ወርዷል።  ልጅቷን እንድትሥል የገፋፋት ራሱ ማህጁብ ነው።

ባለፈው ጨረቃ ውሃ ሊቀዱ ወንዝ የወረዱ ሴቶች አልተመለሱም። የዐዋጢፍ እህት ኢንዓምም አብራቸው ነበረች። ዐዋጢፍ ብቻ ሸንበቆ ውስጥ ተደብቃ ተረፈች፤ የወሰዳቸው አልአሚን ነው ብላም ተናገረች። እሱ ደግሞ ሸሁ ፊት ቁርኣን ይዞ፣ ያን ቀን ባምባሲ ገበያ ነበርኩ ብሎ ማለ። ሸሁ መሐላውን ተቀበሉ። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ስለዚያ ቀን ቃል ተንፍሳ አታውቅም።

አልአሚን ሰሌዳውን ወደ ሸሁ ዘረጋው።  «ይኸው፣ ውሸት ስታስተምሩ! እኔ መቼ በቅሎ ላይ ነበርኩ? በቅሎዬ እግሯን አንክሳ ቤት ነው የዋለችው። ከወንዙ ጀምሮ በእግሬ ነው የሄድኩት።»



«ከየትኛው ወንዝ?» አሉ ሸሁ።

 የአልአሚን እጅ ክንዱ ላይ ወደ ታሰረው ጩቤ ሄደ። ማህጁብ ዐዋጢፍን ወደ ኋላው ሳባት።  ደረሶቹ ይበተናሉ ብሎ ሲጠብቅ አንድ በአንድ መጥተው ከጎኑ ቆሙ፤ ኦመር እጁ በአመድ እንደተለወሰ ነው።

«በቁርኣን ምለህልኛል» አሉ ሸሁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔም አምኜህ ይህችን ልጅ ዝም አሰኘኋት።»

ነጋዴው ሁሉንም አያቸው። ሰሌዳውን መሬት ላይ ወርውሮ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ የበቅሎው ኮቴ ተሰማ።

ሸሁ ደረሶቹን ሽማግሌዎች ጥሩ ብለው ወደ መንደሩ ሰደዱ። አልአሚን ሳይቀድም ዛሬውኑ የባሪያ ገበያው ወዳለበት ወደ ኩርሙክ ሰው መላክ አለበት፤ ሴቶቹ ድንበር ካልተሻገሩ እዚያ ነው የሚገኙት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ሰሌዳውን አነሱና አቧራውን እፍ ብለው አራገፉ። ማህጁብ ሰሌዳው እንዲታጠብ ውሃ የያዘውን ገንቦ አቀረበላቸው። አልተቀበሉትም።

«በቅሎውን ለምን ሣልሽው?» ብለው ልጅቷን ጠየቋት።

«በቅሎ አላየሁም» አለች ዐዋጢፍ። «ሸንበቆው ሥር ተኝቼ ሳየው ግን በጣም ረጅም ነበር።»

ሸሁ ሰሌዳውን ወደ ልጅቷ አስጠጉ። «ኢንዓም የቷ ናት?»

ከሰልፉ መጨረሻ ያለችውን በጣቷ ነካች።

«ፊት የላትም።»

«ስትሄድ ያየሁት ጀርባዋን ነው።»

«ኩርሙክ የሚሄዱት ሰዎች መልኳን አያውቁትም» አሉ ሸህ ሻዕባን። ራሳቸው የሸንበቆውን ብዕር ከመሬት አንስተው ሰጧት፤ ከፊት ለፊቷም መሬት ላይ ተቀመጡ።

ዐዋጢፍ ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረችና ከኢንዓም ዓይኖች ጀመረች።