የተነቀለው በር

ከተማው ኪራይ መጨመርንም ተከራይ ማስወጣትንም ስለከለከለ፣ የቤቱ ባለቤት ተከራዩ የሆነችው ልብስ ሰፊ ተማርራ በራሷ ጊዜ እንድትወጣለት የመጸዳጃ ቤቷን በር ነቅሎ ወሰደ። አቤት ብላ ያመጣችው የማዘጋጃ ቤት ተቆጣጣሪ መጥቶ ባዶውን መቃን አየ።

«ኪራይ ጨመርኩ? ውጪ አልኳት?» አለ ባለቤቱ ጥርሱን እየጎረጎረ። «በሩ እንደሆነ የራሴ ነው።»

«ደንቡ ስለ በር አይናገርም» ሲል አጉተመተመ ተቆጣጣሪው።

ይሄኔ የልብስ ሰፊዋ እናት ግድግዳውን እየተደገፉ መጡ፤ ሆዳቸውን አጣድፏቸው መጸዳጃ ቤቱ ገቡ። ልጃቸው ቀሚሷን በሁለት እጇ ዘርግታ መግቢያው ላይ ቆመችና፣ «እባካችሁ ፊታችሁን አዙሩልን» አለች።

ተቆጣጣሪው ዞረ። ባለቤቱ ግን አንገቱን ወደ ውስጥ አሰገገና፣ «እማማ፣ ደግሞ ወለሉን እንዳያበላሹብኝ!» ብሎ ሳቀ።

ተቆጣጣሪው ፊቱን ሳይመልስ፣ «አንተ ሰውዬ፣ በሩን አምጣ» አለ። «ደንቡን ኋላ እንፈልግለታለን።»