አንድ ጉርሻ ብቻ

«በሞቴ» ብሎ የለመነ ሰው ከዕድሜው አንድ ቀን የሚቀነስበት ዘመን ከመጣ ወዲህ፣ ቤታችን ውስጥ ቃሉ ተነስቶ አያውቅም። የቀሩን ቀናት በእጃችን አንጓ ላይ ይበራሉ። ለእናቴ አርባ አንድ ቀርተዋታል።

ወንድሜን ይትባረክን ከቀበርን ሦስት ቀን ሆነን። እህል አልቀመስኩም። እናቴ ሽሮ በእንጀራ ጠቅልላ ወደ አፌ ስታስጠጋ ፊቴን አዞርኩ።

«ተይኝ እማዬ፣ አልፈልግም አልኩ።»

«ሶልያና፣ በሞቴ!»

አንጓዋ ላይ አርባ ሆነ።

«አብደሻል እንዴ?» ብዬ ጮኼ ጎረስኩ።

«እንደሱ ነው እንጂ! ይቺንም ደግሞ፣ በሞ...»

ሳትጨርሰው ሳህኑን ነጠቅኳትና እያለቀስኩ ጠረግኩት። ፊቷ በራ።

«ልጨምርልሽ የኔ እናት?»

ሊያስመልሰኝ ደርሷል። «ጠገብኩ» ማለት ፈራሁና ሳህኑን ዘረጋሁላት።