ፈታሹ

መፈለጊያ መሣሪያዬ ዝም ብሏል። ከፊቴ ዘርግቼው የበረዶ ናዳውን ፍርስራሽ ከግራ ወደ ቀኝ አቋርጣለሁ፤ ሃያ እርምጃ ወርጄ ከቀኝ ወደ ግራ እመለሳለሁ። ጧት እንደ ድንጋይ ጠንክሮ የተሸከመን በረዶ አሁን፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ እርጥብ ሲሚንቶ ሆኗል።

"ድምፅ አለ?" ይጮኻል ኤክሃርት ከታች።

"የለም! የናንተስ?"

"የኔም የሚስቴም ዝም ነው።"

ከዚህ በረዶ በታች አባቴ አለ። ካሲያን፤ አርባ አንድ ዓመት ሰው ወደ ተራራ የመራ፣ በሸለቋችን ያሉ አስጎብኚዎች ሁሉ ሥራውን የተማሩበት። "በሚያዝያ እስከ አምስት ሰዓት ከገደሉ ሥር ያልወጣን ፀሐይ ትቀብረዋለች" የሚለው እሱ ነው። ዛሬ የደንበኛችንን የኤክሃርትን የተሰበረ የበረዶ መንሸራተቻ ማሰሪያ ሲጠግን ግማሽ ሰዓት አለፈ። እኔን አስቀድሞ፣ ባልና ሚስቱን አስከትሎ፣ አንድ በአንድ በገደሉ ሥር አሻገረን። መጨረሻ ላይ ራሱ ገባ፤ ናዳው እሱ ላይ ወረደ።

የተቀበረ ሰው አሥራ አምስት ደቂቃ አለው። ይህንንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ሰዓቴን አላይም።

"ባትሪው አልቆበት ይሆን?" ይላል ኤክሃርት።

"የአባቴ? ባትሪ በየሳምንቱ የሚቀይር ሰው ነው!"

ሚስቱ ገርሊንደ ቀና ብላ ታየኛለች። በዚያ ዓይን ውስጥ ጧቱ ተመልሶ ይመጣብኛል።

ደረታችን ላይ የምናስረው መሣሪያ ወይ ምልክት ይልካል፣ ወይ የሌላውን ምልክት ያዳምጣል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይችልም። ጧት በማረፊያው ጎጆ ደጃፍ መሪው የራሱን ወደ ማዳመጥ አዙሮ ይቆማል፤ ሌላው እየላከ አንድ በአንድ በፊቱ ያልፋል። ከዚያ መሪው የራሱን ወደ መላክ ይመልስና በተራው በሌላ ሰው ፊት ያልፋል። አባቴ ግን በማንም ፊት አልፎ አያውቅም። በቲሮል እሱን ለመፈተሽ የደፈረ የለም።

ዛሬም ሁላችንን ፈትሾ ሲጨርስ ገርሊንደ ጠየቀችው። "እርስዎንስ ማን ሊፈትሽዎት ነው፣ ጌታው?"

ቀድሜ የሳቅሁት እኔ ነኝ። "እሱን? እሱን የሚፈትሸው ጳጳሱ ብቻ ነው፤ እሱም ቀጠሮ ይዞ!"

"ቡርግል፣ ምላስሽን ሰብስቢ" አለኝ አባቴ፣ ደስ ብሎት። ጃኬቱን እስከ አንገቱ ዘግቶ መንገድ ጀመረ። ጃኬቱን ከመዝጋቱ በፊት መሣሪያውን ወደ መላክ ይመልሰው አይመልሰው አላየሁም። እየሳቅሁ ነበር።

"መሣሪያውን ተዉት" እላለሁ። "ዘንግ አውጡ።"

ትከሻ ለትከሻ ቆመን በየግማሽ እርምጃው በረዶውን እንወጋለን። የጠራነው የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር ከኢንስብሩክ ተነስቷል። ስንት መስመር እንደሄድን አልቆጥርም። በመጨረሻ የገርሊንደ ዘንግ ይቆማል።

"ቡርግል። ይኼ ድንጋይ አይደለም።"

"ሁላችንም መሣሪያችንን ወደ መላክ እንመልስ" እላለሁ። "ከላይ ያልወረደ በረዶ አለ።" አነጋገሩ የእሱ ነው።

አካፋችን ከጉልበት በታች ሲደርስ፣ ከሥር ድምፅ ይሰማል። ቀጭን፣ እኩል በእኩል የሚመታ።

"አለ!" ይላል ኤክሃርት። "በሕይወት አለ!"

"መሣሪያው ነው" እላለሁ። "ማዳመጥ ላይ ነው፤ እኛን እየሰማ ነው።"

በቆፈርን ቁጥር ድምፁ ይፈጥናል። አንገቱን ነፃ እናወጣለን። በአፉ ዙሪያ ትንፋሹ በረዶውን አቅልጦ፣ በረዶውም መልሶ ረግቶ፣ መስታወት ሠርቷል። ገርሊንደ መስታወቱን ሰብራ አፉን ትከፍታለች፤ ጣቶቿን ከመንጋጋው ሥር ታሳርፋለች። የልብ ምት ትፈልጋለች። 'ጠይቄ ነበር' አትልም። ብትል ይሻለኝ ነበር።

"ዕረፊ፣ ልጄ" ትላለች።

አላርፍም። ጃኬቱን ቀድጄ መዳፎቼን ደረቱ ላይ አነባብራለሁ። መሣሪያው ወደ ጎኑ ተንሸራቶ ያበራል። በመስኮቱ ላይ ያለው ቀስት ወደ እኔ ያመለክታል። ስጫን የርቀቱ ቁጥር ይወርዳል፤ ዜሮ ነጥብ ሦስት ሜትር። ቀና ስል ይወጣል፤ ዜሮ ነጥብ አምስት። ስጫን፣ እንደገና ዜሮ ነጥብ ሦስት።