ቀድማ የቀመሰችው ሻይ

ወጣቱ ልብስ ሰፊ እናቱ ያመጣችለትን ሻይ ዓይኑን ሳይነቅል ተመለከተው። የስፌት መኪናው ስሙን እየጠራ መስደብ ከጀመረ ወዲህ መኪናውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎታል፤ የሸሚዙንም ኮሌታ ተርትሮ የተደበቀ ነገር ፈልጎበታል። አሁን ደግሞ ሻይ! ለምን ሳይጠይቅ መጣለት? ብርጭቆውንስ ለምን በሁለት እጇ ያዘችው? «ትኩስ ነው፣ የኔ ጌታ» አለችው። ፈገግታዋ ከአንገት በላይ መሰለው።

«መጀመሪያ አንቺ ቅመሽው» ሊላት አፉን ከፈተ። ቃሉ ሳይወጣ እናቱ ከሻዩ ፉት አለች፤ ዋጠች፤ ከዚያም ልክ እንደለመደ ሰው አፏን ከፍታ ምላሷን አሳየችው።

ክው አለ። በሆዱ ያለውን እንዴት አወቀች? ወደ ኋላ ሸሽቶ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝ» አለች። «ወንድሜም በአንተ ዕድሜ እንዲህ ነበር የሚያስቀምሰኝ።»

«የምን ወንድም? ወንድም አለኝ ብለሽ አታውቂም። ደብቃችሁኛል!»

ከጥርጣሬው ሁሉ ይቺኛዋ እውነት ነበረችና፣ እናቱ አንገቷን ደፋች።