ደመና ያጠላበት ፎቶ

«ኢንተርኔት ላይ ነው ያገኘሁት» ትላለች የልጅ ልጄ፣ ጠበቃውን ቀና ብላ ሳታይ። ስትዋሽ አንገቷ ላይ ቀይ ቀይ ነገር ይወጣባታል፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንደዚያ ናት። ሄጄ አንገት ልብሷን ከፍ ባደርግላት ደስ ይለኝ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ሰውየው ፊት ለፊቷ ተቀምጧል።

ከካርታ ኩባንያው የተላከ ወጣት ጠበቃ ነው። ሲገባ ጫማዬን ላውልቅ ወይ ብሎ ጠይቆኛል፤ ጨዋ ነው። እኔ ደግሞ ከተቆጪ ይልቅ ጨዋ ሰው ያስፈራኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ላይ አውሮፕላን የሚያበሩበት ጨዋታ አለ። ልጅቷ ለዚያ ጨዋታ ከተማችንን ሠራች፤ አየር ማረፊያውን፣ ገበያውን፣ ወንዙን፣ ድሮ ከአውሮፕላን ላይ ከተነሱ ፎቶዎች እየገጣጠመች። የፈለገ ሁሉ በነፃ ይወስደዋል። ዓይኗን አጠፋችበት እንጂ ምንም አላገኘችበትም። ከታች ጥግ ላይ «ፎቶ አንሺ» ብላ የአያቷን ስም ጻፈች። ይኸው መዘዙ።

አያትየው፣ ባለቤቴ ማለት ነው፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ለጠበቃው ፈገግ ይላል። ዕድሜውን ሙሉ የካርታ መሥሪያ ቤቱ አውሮፕላን ወለል ላይ በሆዱ ተኝቶ፣ በቀዳዳ ወደ ታች ፎቶ ሲያነሳ ኖሯል። ጆሮውን ሞተሩ በልቶታል። እንግዳው ሊያመሰግነው የመጣ መስሎታል። ጠዋት ጢሙን እየተላጨ «አስታወሱኝ ማለት ነው» ሲለኝ ፎጣውን አቀበልኩት። መሥሪያ ቤቱ ሲዘጋ ፊልሙን ሁሉ ይሄ ኩባንያ እንደገዛው እንኳ አያውቅም።

«ኢንተርኔት ላይ የለም፣ እናቴ» ይለኛል ጠበቃው፣ የዋሸሁት እኔ ይመስል። ስልኩን ያስጠጋልኛል። «ገበያው ላይ ይቺ ጥቁር ነገር ትታይዎታለች? የደመና ጥላ ናት። ደመና ያጠላበት ፎቶ ለካርታ ስለማይሆን የትም አልወጣም። ፊልሙ እኛ መጋዘን ነው ያለው። ቅጂው ሌላ ቦታ ከተገኘ፣ አንድ ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ይዞት ወጥቷል ማለት ነው።»

ይዞት ወጥቷል። ባለቤቴ ሊጣል የነበረውን ቅጂ ነው ይዞ የወጣው፤ አልጋችን ሥር፣ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አለ። ይሄንን ለዚህ ልጅ ምን ብዬ ልንገረው?

ለጨዋታው ከተማ የሚሠሩ ሌሎች ልጆች እንዲህ ያለውን ጥላ በኮምፒውተር ያጠፉታል አሉ። እሷም ልታጠፋው ስትል «ተዪው፣ የዚያን ቀን ደመና ነበር» ብሎ የከለከላት ሽማግሌው ነው። የሁለቱ ግትርነት እኔን ሊደፋኝ ነው።

«ምን አለ?» ይላል ባለቤቴ፣ ቤቱ እስኪያስተጋባ።

ጆሮው ሥር ሄጄ «ፎቶው ያምራል አለ» እለዋለሁ።

«ያምራል እንጂ። አብራሪው እንመለስ ሲለኝ አንድ ዙር ብቻ ብዬ ለምኜ ነው፤ ንገሪው። ሌሎቹም አሉኝ። ላምጣለት?»

ለመነሳት ወንበሩን ሲጨብጥ ትከሻውን እይዘዋለሁ። «ቁጭ በል። ኋላ ወገቤን ብትል የሚያሽልህ የለም።»

ጠበቃው አቀርቅሮ ሻዩን ያማስላል። ስኳር አልጨመረበትም። ሰምቷል።

«እኔ ሰው ቤት መፈተሽ አልፈልግም» ይላታል ልጅቷን በዝግታ። «ሥራሽም እንዲጠፋ አልፈልግም፤ ወንድሜ ራሱ ይጫወትበታል። እንዳለ በነፃ ይቀጥል። ፎቶው የኩባንያው ነው ብለሽ ትፈርሚያለሽ፣ ከታች ያለው ስም ወጥቶ የእኛ ይገባል። ከየት አመጣሽው የሚለው ነገር በዚያው ይዘጋል።»

«ያነሳው እሱ ነው።»

«ደመወዝ እየተከፈለው ነው ያነሳው። ሕጉ እንደዚያ ይላል፤ እኔ አላወጣሁትም።»

«እንግዲያው ሁሉንም አጠፋዋለሁ።»

«ብታጠፊውም ጥያቄው አይጠፋም፣ እህቴ።»

ወደ እኔ ትዞራለች። ትንሽ ሆና ስትወድቅ፣ ላልቅስ ወይስ ልተወው ብላ ትጠይቀኝ እንደነበረው ዓይነት አስተያየት ነው።

«ፈርሚ» እላታለሁ።

«እማማ፣ ስሙን ካወጣሁትማ ምን ቀረለት?»

«እርጅናው ይቀርለታል። በዚህ ዕድሜው ሌባ ሲባል ልስማ? ፈርሚ አልኩሽ።»

ድምፄን እንኳ ዝቅ አላደረግኩም። አጠገባችን ተቀምጦ አንድ ቃል አይሰማም። ስንት ዘመን ስረግመው የኖርኩትን ሞተር ዛሬ መረቅኩት።

ትፈርማለች። ኮምፒውተሩን ከፍታ የስሙን ፊደሎች ከኋላ ወደ ፊት ታጠፋለች፣ የኩባንያውን ትጽፋለች። ጠበቃው አይቶ ይነሳል። ባለቤቴም አብሮ ተነስቶ እጁን በሁለት እጁ ይይዝለታል።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ። እኛን የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም ነበር።»

ጠበቃው እኔን ያየኛል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ ጆሮው ሥር «ፎቶው ያምራል፣ አባት» ይለዋል።

በሩ ሲዘጋ ሽማግሌው ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሩ ይጎትታል። «እስቲ አንዴ አብሪልኝ» ይላታል። አውሮፕላኑ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ገበያው ሲታጠፍ እሱም ሰውነቱን ወደ ግራ ያዘነብላል። ጥላዋ ጋ ሲደርስ ብቻውን ይስቃል። ቀጥሎ አንገቱን ወደ ታችኛው ጥግ ያሰግጋል።

«ይሄ ምን ይላል? ስሜ አልነበረም እንዴ እዚህ ጋ?»

ልጅቷ አፏን ስትከፍት ቀድሜ መነጽሩን ከአፍንጫው ላይ አነሳዋለሁ።

«እንዲህ ቆሽሾ ምን ታይበታለህ» እለዋለሁ።

በቀሚሴ ጫፍ እጠርገዋለሁ። ንጹሕ ነው። እጁን ዘርግቶ ይጠብቀኛል፤ እኔ እጠርጋለሁ።