ለቤት የቀረው ጆንያ

በእኛ ቀበሌ ለአንድ ቤተሰብ የሚታደለው ደመና አንድ ብቻ ነው። ፀሐይዋ ከከፋች ወዲህ ደመናችንን ቡናው ላይ እናቆማለን፤ ቡና ጥላ ካላገኘ ተቻኩሎ ይበስልና ጣዕሙ ይሳሳል። ቤታችን ግን ምድጃ ነው፤ ቅቤ ረግቶ ካየን ቆየን።

ዘንድሮ ቡና ቀማሿ ከማንኪያው ፉት አለችና ፊቷን አጨማደደች።

«ጋሽ ጂግሶ፣ ይሄኛው ጆንያ የስፔሻሊቲን ከፍተኛ ደረጃ አያገኝም። ፍሬው ሊቀላ ሲል ጥላ አጥቷል።»

ደሜ ፈላ። ደመናውን ጠዋት ጠዋት በገመድ ስቦ ማሰማራት የባለቤቴ የብርቄ ሥራ ነው። አጠገቤ ቆማ ነበርና ወደ እሷ ዞርኩ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ደመናውን የት ነበር ያሰርሽው?»

ብርቄ ነጠላዋን እያስተካከለች መሬት መሬቱን አየች። «ቤቱ ላይ።»

«ቤት ውስጥ ደግሞ ምን አለና?»

«አንተ ነበርክበታ! በወባ ስትነድ፣ ስትቃዥ!»

ከዚያ ትኩሳት የማስታውሰው፣ ብርቄ የረጋ ቅቤ አናቴ ላይ ስታደርግልኝ ነው። እስከ ዛሬ ቅዠት ይመስለኝ ነበር።

«ታዲያ ለተራው ገበያ ላድርገው?» አለች ቀማሿ።

ጆንያውን ወደ እኔ ሳብኩት።

«የለም፣ ልጄ። ይሄ አይሸጥም።»